ረድፍ ሁለት መቶ አሥራ አራት

ከጆድፑር በስተምዕራብ፣ በታር በረሃ ላይ፣
አርባ ሺህ መስታወት ፊቱን ወደ ፀሐይ
ዘርግቶ ይውላል፣
እንደ ደጅ ጠኚ ሰው ቀና ብሎ ሲያይ።

የኔ እንጀራ ደግሞ ሕመሙን መለየት፤
ረፋድ ላይ ድሮኔን ወደ ሰማይ ሰድጄ ትኩሳቱን ማየት።
ብጫው የደከመ፣ ሰማያዊው ደኅና፤
ቀዩን ግን ተዉኝ፣
ነጥብ ናት ተብላ ብትናቅ፣ ቤት ታቃጥላለችና።

አንዲት ሴል ብትሰነጠቅ፣ ወይ ጥላ ቢያርፍባት፣
መሥራቷን ትተዋለች፤ መብላቱ አይቀርባት።
እኅቶቿ ያፈሩትን ትውጥና በሙሉ
ትግላለች፣ ትግላለች፣ እስኪያር ገላዋ ሁሉ።

ይህን ለዳፑ ነገርኳት፣ አንድ ሌሊት ቆመን፣
እርሷ የማጠቢያ ብሩሿን፣ እኔ ባትሪዬን ይዤ፣ ከረድፉ ጫፍ ሆነን።
«አውቀዋለሁ» አለች፤ «ባሌን ነው ያወራኸው።
አምስት ሆነን ለፍተን ያመጣነውን አንድ እርሱ ሲበላው፣
ደግሞ ቆይቶ የሚግለው እርሱው።»

አንዳንዱ ቀይ ሐሰት ነው፤ ጣዎስ ተቀምጦበት፣
የወፍ ኩስ ደርቆበት፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሻሽ በነፋስ መጥቶ ተጣብቆበት።
በእግሬ ሄጄ አይቼ አጠፋዋለሁ፤
አልጠፋ ያለውን ቁጥር እሰጠዋለሁ።

ካርታ ላይ እያንዳንዱን በየቦታው ተከልኩ፤
ኬክሮሱን፣ ኬንትሮሱን፣ ቀኑንም አከልኩ።
መስከረም የተበተነ ማሽላ ይመስላል፤
ጥቅምትም ያው ነው፤
ኅዳር ላይ አንድ ሁለት ፍሬ ይጨመራል።
ዐሥሩን ወር ግን አንዱን በአንዱ ላይ ደርቤ ስዘረጋ፣
ማሽላው ተሰለፈ። ከሰሜን ተነሥቶ፣ ጎበጥ ብሎ፣ ሄዶ ሄዶ ተጠጋ
ወደ ረድፍ ሁለት መቶ አሥራ አራት።
እዚያ ሰፋ አለ። ከዚያ ወደ ደቡብ ቀጠነ፣
እንደ እባብ ጅራት።

ኢንጂነር ራትሆር «ፋብሪካው ነው!» አለ፤
ፋብሪካው በደብዳቤ «አጓጓዡ ነው» አለ፤
አጓጓዡ ማለ።

ደመወዝ ቀን ነበር። ዳፑ አሻራዋን ልታሳርፍ መጥታ
ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካርታ አዞረችው፣ ደቡቡን ወደ ላይ አንሥታ።
ቀለም በነካ ጣቷ መስመሩን ተከተለች፣
«ኩክሪ ናት ይቺማ» ብላ ሣቀች።

«የምን ኩክሪ?»
«ወንዟ ነቻ! በሰባት ዓመት አንዴ ትመጣለች፤
የአጎቴን ፍየሎች፣ ዐሥራ ሰባቱን፣ እያሳሳቀች ወስዳለች።
ጉሮሮዋን በዶዘር ደልድላችሁ ምሰሶ ተከላችሁባት፤
እርሷ ግን አልሞተችም። ተኝታ ነው ያገኛችኋት።»

ቆፈርን።
ሁለት ክንድ ወርደን እርጥብ ደለል፤
ምሰሶው ሰምጧል፣ የፀጉር ያህል፤
ብረቱ ተጣሞ፣
መስታወቱ ስንጥቁ ሳይታይ ከውስጡ ታሞ።

ሪፖርቱ ላይ «ብልሽቱን ያገኘው» የሚል ሣጥን አለ፤
ሁለት ምርጫ ብቻ።
«ድሮን» ይላል፣ «ሳተላይት» ይላል፤ ዳፑ የሚል የለም።
በኅዳጉ ላይ ስሟን ጻፍኩ። ሲስተሙ አልተቀበለም።

«ካወቃችሁስ» አለችኝ፣ «ማነው የሚነሣው? እናንተ ወይስ እርሷ?»
በጀት ይጠየቃል አልኳት።
ብሩሿንና ባልዲዋን ከታችኛው መጋዘን አውጥታ
ወደ ላይኛው ስትወስድ አየኋት።
ዝናቡ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።

ደኅና ማለት በነበረው ቀለም፣ በሰማያዊ ሣልኳት።
ደርቃ፣ አሸዋ ለብሳ፣ መስታወት ተሸክማ ነው ያለችው፣ ብታዩዋት።
እኔ ግን ረድፍ ሁለት መቶ አሥራ አራት ስደርስ
ሱሪዬን ሰብስቤ እሻገራለሁ፣
ጫፉ እንዳይርስ።